ከአይ ቪ ኤፍ ጎን ለጎን የሚሰጠው የቻይና ባህላዊ ሕክምና፦ ልጅ ያመጣል ወይስ ጭንቀት ያቀላል?

የወገራ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች። የምኖረው እስራኤል ነው። እኔና ባለቤቴ ልጅ ስንጠብቅ ዓመታት ካለፉ በኋላ ሐኪሞቹ ወደ አይ ቪ ኤፍ (እንቁላልና የወንድ ዘር ከሰውነት ውጭ ተዋሕደው ጽንሱ ወደ ማህፀን የሚገባበት ሕክምና) እንድናልፍ ወስነዋል። እዚህ አገር ሴቲቱ 45 ዓመት እስኪሞላት ድረስ፣ እስከ ሁለት ልጅ የሚሆነውን ሕክምና ብሔራዊው የጤና መድን ስለሚሸፍን፣ የገንዘቡ ነገር ሌላ አገር ያሉ እህቶቻችንን የሚያስጨንቃቸውን ያህል አላስጨነቀንም።

ጥያቄዬ ከሕክምናው ጎን ለጎን ውሰጂ የተባልኩትን የቻይና ባህላዊ ሕክምና ይመለከታል። በቁፓት ሆሊም (እዚህ አገር ባለው የጤና መድን ድርጅት) ተጨማሪ መድን በቅናሽ የሚገኝ ስለሆነ አንዲት የአኩፓንክቸር፣ ማለትም ቀጫጭን መርፌ በሰውነት ነጥቦች ላይ የሚወጋበት ሕክምና፣ ባለሙያ ዘንድ ሄጄ ነበር። ባለሙያዋ ምላሴን አየች፣ የሁለቱንም እጆቼን የደም ሥር ትርታ ረዘም ላለ ጊዜ ዳሰሰች፣ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ወር አበባዬና ስለ እግሬ መቀዝቀዝ ሳይቀር ጠየቀችኝ። ከዚያ በፊት ያን ያህል ጊዜ ሰጥቶ ያዳመጠኝ የሕክምና ሰው አልነበረም። በመጨረሻም ኩላሊቴ እንደ ደከመ፣ እነርሱ ቺ የሚሉት የሕይወት ኃይልም በጉበቴ በኩል እንደ ታገደ ነግራኝ፣ በየሳምንቱ መርፌ፣ በየዕለቱ ደግሞ በሙቅ ውሃ የሚበጠበጥ የዕፅ ዱቄት አዘዘችልኝ። ጽንሱ ወደ ማህፀን በሚገባበት ቀንም ከሂደቱ በፊትና በኋላ መርፌ ካልተደረገልኝ ዕድሌ እንደሚቀንስ አስጠነቀቀችኝ። ስወጣ ደግሞ፣ «ሰውነትሽ ካልተረጋጋ ጽንሱ አይይዝም» አለችኝ። ከሁሉም በላይ ሲከነክነኝ የሰነበተው ይህ ንግግር ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ፣ ይህ ሕክምና የማርገዝን ዕድል በእርግጥ ይጨምራል ወይ? ባይጨምርስ፣ ይህን አድካሚ ጊዜ ለመሻገር ይረዳል ወይ? ዕፁን ከሆርሞን መርፌዎቹ ጋር አብሮ መውሰድስ ምን ያህል ያሰጋል? መርፌ ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፤ ለሆርሞኑ ሆዴን በየምሽቱ ራሴ ልወጋ ነው።

ሚዛን ጠባቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሦስት ቦታ መክፈልሽ መልሱን ያቀለዋል፤ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሦስቱ ሲደባለቁ ነውና። እኔ የምሠራው በሕዝብ ጤና ጥናት ላይ እንጂ የመካንነት ሐኪም አይደለሁም፤ የማቀርብልሽም የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመለከቱትን ጥናቶች ታሪክ ነው።

ትልቁ ተስፋ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ከጀርመን ነበር። 160 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ጽንሱ ወደ ማህፀን ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ ለ25 ደቂቃ ያህል መርፌ ተደረገላቸው፤ የቀሩት ግን ያለ መርፌ ጋደም ብለው ቆዩ። መርፌ ከተደረገላቸው 42.5 በመቶው ሲያረግዙ፣ ካልተደረገላቸው ያረገዙት 26.3 በመቶው ነበሩ። ባለሙያዋ የነገረችሽ «በፊትና በኋላ» የሚባለው አሠራር በብዙ ክሊኒኮች የተስፋፋው ከዚህ ጥናት ተነሥቶ ነው። ነገር ግን ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ ከዚህም በላይ ሴቶቹ በሙሉ መርፌ እንደ ተደረገላቸው ወይም እንዳልተደረገላቸው ያውቁ ነበር።

በ2008 ሰባት ጥናቶችን፣ በድምሩ 1,366 ሴቶችን አንድ ላይ የመዘነ ግምገማ በእንግሊዙ የሕክምና መጽሔት ታትሞ ጥቅም አለው አለ፤ ዜናውም በየጋዜጣው ተራባ። የዚያው ግምገማ መሪ ተመራማሪ ከአምስት ዓመት በኋላ 16 ጥናቶችን ይዞ ሲመለስ ግን ልዩነቱ በስሌት ሊታመን የሚችል ሆኖ አልተገኘም። ይህን ሁለተኛውን ዜና የጻፈ ጋዜጣ ማግኘት ይቸግራል።

ነገሩን ከሞላ ጎደል የቋጨው በ2018 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት፣ በተለምዶ ጃማ በሚባለው፣ የወጣው የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ጥናት ነው። በ16 ማእከሎች 848 ሴቶች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ እውነተኛውን አኩፓንክቸር ወሰዱ፤ ግማሾቹ ደግሞ ቆዳን በማይበሳ የማስመሰያ መርፌ፣ ያውም ከትክክለኛዎቹ ነጥቦች በራቀ ቦታ ተነኩ። የተቆጠረውም የእርግዝና ምርመራ ውጤት ሳይሆን በሕይወት የተወለደ ልጅ ነው። እውነተኛውን ከወሰዱት 18.3 በመቶው፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት 17.8 በመቶው ወለዱ። በእኔ ሚዛን ይህ ልዩነት የለም የሚባል ነው፤ ስለዚህ «መርፌ ካልተደረገልሽ ዕድልሽ ይቀንሳል» ያለችሽ ባለሙያ ማስረጃ የሌለው ነገር ነግራሻለች።

ነጠላ ለባሽ

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። ሚዛን ጠባቂ የዘረዘሩትን ጥናቶች ሕክምናውን ስጀምር በራሴ ፈልጌ አንብቤያቸው ነበር፤ አንብቤም ወደ አኩፓንክቸር ሄድኩ። ለምን እንደ ሄድኩ ልንገራችሁ።

በአይ ቪ ኤፍ ጊዜ ሴት ልጅ የራሷ ጌታ አይደለችም። መድኃኒቱን በየትኛው ሰዓት እንደምትወጋ፣ ለአልትራሳውንድና ለደም ምርመራ በየትኛው ማለዳ እንደምትገኝ፣ እንቁላሎቹ መቼ እንደሚወጡ የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። አለቃሽን ለምን እንደምታረፍጂ መዋሸት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ «መቼ ነው የምታስቁን?» የሚሉ እናቶችን መሸሽ፣ የእህትሽ ልጅ ክርስትና ላይ ፊትሽን አስተካክለሽ መቆም በዚያ ላይ ይጨመራል። በአኩፓንክቸሩ ክፍል ውስጥ ግን ስልኬን አጥፍቼ፣ መብራቱ ደብዝዞ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ እተኛ ነበር። በዚያ ሰሞን በቀን እንቅልፍ የወሰደኝ እዚያ ብቻ ነው። ልጁን ያመጣልኝ መርፌው ነው አልልም፤ ሐኪሞቼም እንዲህ አላሉም። ያንን ሰዓት ግን ከኪሴ ከፍዬ ገዝቼዋለሁ፤ ዛሬም ቢሆን እገዛዋለሁ።

የማልወደው ክፍያው የሚጠየቅበትን መንገድ ነው። ክሊኒኮች ከጽንስ ማስገቢያው ቀን ጋር አያይዘው እንደ ጥቅል ሲሸጡት፣ በዚያ ቀን ደግሞ እንቢ የማለት አቅም ያላት ሴት ስትጠፋ አይቻለሁ። ሴትየዋ የፈለገችው ዕረፍት ነው፤ የሚሸጥላት ግን ልጅ ነው።

የቀበና ሰው

እኔ ባል ነኝ፤ ባለቤቴ ይህንኑ መንገድ ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። ወንዶች በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ስለማንናገር አስተያየቴን ብሰነዝር እንዳትቀየሙኝ።

የቻይናን ሕክምና እንደ ጥንቆላ የሚያዩ ሰዎች ፍርዳቸው ችኩል ይመስለኛል። በአገራችን ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም መሠረቱ አርቴሚሲኒን ነው፤ አርቴሚሲኒን ደግሞ የተገኘው ከቻይና ባህላዊ ዕፅ ነው። ቱ ዩዩ የተባሉት ቻይናዊት ተመራማሪ ከአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆየ የመድኃኒት አቀማመም ላይ ተነሥተው ቅጠሉ በፈላ ውሃ ሲዘጋጅ ኃይሉ እንደሚጠፋ ተገነዘቡ፤ በ2015ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የቻይና ሐኪሞች እኮ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ እየተመላለሱ ሲያክሙን ኖረዋል። ይህን ያህል ዘመን የተፈተነ እውቀት በአንድ የአውስትራሊያ ጥናት ይሻራል? በዚያ ላይ፣ እንደማውቀው፣ በዚያ ጥናት ለሴቶቹ የተሰጠው አኩፓንክቸር ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። የቻይና ሐኪም በሦስት ቀጠሮ አክማለሁ ብሎ አያውቅም፤ ለወራት ነው የሚያክመው።

ሚዛን ጠባቂ

ወንድሜ፣ በአንድ ነገር ልክ ነዎት። በአውስትራሊያው ጥናት የተሰጠው ሕክምና በእርግጥ ሦስት ጊዜ ነው፤ አንዱ እንቁላሎቹ በሆርሞን በሚነቃቁበት ወቅት፣ ሁለቱ ጽንሱ በገባበት ቀን። የአኩፓንክቸር ባለሙያዎችም በጥናቱ ላይ ያነሡት ዋና ተቃውሞ ይኸው ነበር። ስለዚህ ሌላ ጥናት ልጨምርልዎ። በ2017 በዚያው ጃማ መጽሔት የወጣው ይህ ጥናት የተካሄደው በዋናው ቻይና ምድር በ21 ሆስፒታሎች፣ በቻይናውያን ባለሙያዎች ነው። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የተባለው፣ እንቁላል በየወሩ በአግባቡ እንዳይወጣ የሚያደርግ የሆርሞን መዛባት ያለባቸው 1,000 ሴቶች በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት፣ እስከ አራት ዑደት ድረስ መርፌ ተደረገላቸው፤ ከፊሎቹ እውነተኛውን፣ ከፊሎቹ ማስመሰያውን። ከዚህ ጋር ከፊሎቹ ክሎሚፊን የተባለውን እንቁላል የሚያነቃቃ ክኒን፣ ከፊሎቹ ባዶ ክኒን ወሰዱ። ክሎሚፊን ከወሰዱት፣ መርፌያቸው እውነተኛም ይሁን ማስመሰያ፣ ሲሶ ለመሆን ጥቂት የቀራቸው ወለዱ። ባዶ ክኒን ከወሰዱት መካከል እውነተኛው መርፌ የተደረገላቸው 13.9 በመቶ፣ ማስመሰያው የተደረገላቸው 16.8 በመቶ ነበሩ። እነዚህ ሴቶች የአይ ቪ ኤፍ ታካሚዎች ስላልነበሩ ውጤቱ በቀጥታ ለጠያቂዋ አይሠራም፤ «ብዙ ጊዜ ቢሰጥ ይሠራ ነበር» ለሚለው መከራከሪያ ግን ከባድ መልስ ነው።

የአርቴሚሲኒኑ ምሳሌ ደግሞ ከእርስዎ ይልቅ ለእኔ የሚመሰክር ይመስለኛል። አርቴሚሲኒን ተቀባይነት ያገኘው ጥንታዊ በመሆኑ ሳይሆን በመፈተኑ ነው፤ የእነ ቱ ዩዩ ቡድን ከፈተሻቸው ብዙ የባህል ዕፆች አብዛኛዎቹ ወድቀዋል። አኩፓንክቸርም ለመካንነት ያንኑ ፈተና ወስዶ አላለፈም። ለሌላ ሕመም ሊያልፍ ይችላል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

አንድ ለየት ያለ ውጤትም ልጨምር። በ2009 በሆንግ ኮንግ 370 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ታትሞ ነበር። በአጠቃላይ የእርግዝና መጠን የበለጡት ማስመሰያው መርፌ የተደረገላቸው ሆነው ተገኙ፤ 55.1 በመቶ ለ43.8 በመቶ። ከዚህ በመነሣት «የሐሰቱ መርፌ ይሻላል» የሚል ሰው አላጋጠመኝም፤ ውጤቱ በተቃራኒው ቢመጣ ኖሮ ግን ዛሬ በየክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እናየው ነበር። የማስመሰያው መርፌ ራሱ ባዶ አይደለም የሚሉ ወገኖችም አሉ፤ ሰው ይነካል፣ ይተኛል፣ ትኩረት ያገኛል። ይህ መከራከሪያ የተወሰነ እውነት አለው። እውነትነቱ ግን የሚደግፈው የነጠላ ለባሽን ሐሳብ ነው፤ ጥቅም ካለ፣ ምንጩ የነጥቦቹ ካርታ ሳይሆን ዕረፍቱና ትኩረቱ ነው።

መድኃኒት ቀማሚ

ስለ መርፌው ብዙ ስለ ተባለ ወደ ዕፁ ልሻገር፤ እኔን የሚያሳስበኝ ከመርፌው ይልቅ ዱቄቱ ነው። መርፌው ንጹሕና አንድ ጊዜ ተወግቶ የሚጣል እስከ ሆነ፣ የሚወጋውም ፈቃድ ያለው ባለሙያ እስከ ሆነ ድረስ፣ በአብዛኛው የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ መበለዝ ወይም ማዞር ነው። ወደ ሆድ የገባ ዕፅ ግን እንደ ማንኛውም መድኃኒት ጉበት ያልፋል፣ ደም ውስጥ ይገባል።

ለሴቶች በብዛት የሚታዘዘውን ዳንግ ግዊ የተባለውን ሥር እንውሰድ። ዋርፋሪን ከተባለው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ጋር ሲወሰድ የመድማትን አደጋ እንደሚጨምር የታወቀ ነው፤ በአይ ቪ ኤፍ ወቅት ደግሞ አስፕሪን ወይም ደም የሚያቀጥን መርፌ የሚታዘዝላቸው ሴቶች ጥቂት አይደሉም፤ እንቁላል የሚወጣውም በመርፌ ተወግቶ ነው። ሄ ሹ ዉ የተባለው ሥር ጉበትን በመጉዳት ይታወቃል። በብዙ የቻይና ቅልቅሎች ውስጥ የሚገባው ሊኮሪስ የተባለው ጣፋጭ ሥር በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የፖታሲየምን መጠን ዝቅ ያደርጋል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን የብራስልስ ታሪክ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ውፍረት ለመቀነስ በአንድ ክሊኒክ የቻይና ዕፅ የተሰጣቸው ሴቶች ኩላሊታቸው በፍጥነት መድከም ጀመረ። ሲመረመር፣ መግባት ከነበረበት ሥር ፋንታ አሪስቶሎኪያ ከተባለው ወገን የሆነ ሌላ ተክል ሥር ተተክቶ ተገኘ፤ የሁለቱ ተክሎች የቻይንኛ ስሞች ተቀራራቢ ነበሩ። መቶ ገደማ ሴቶች ተጎዱ፤ ከፊሎቹ ኩላሊታቸው ጨርሶ ሥራ አቆመ፣ ከፊሎቹም የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያዛቸው። እነዚህ ሴቶች ሕመምተኞች አልነበሩም፤ ጤነኞች ነበሩ። ያዘዘላቸውም ሐኪም ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ የዱቄቱን ሙሉ ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቂ፤ የእያንዳንዱን ተክል የላቲን ስም ጭምር። ባለሙያዋ «የቤት ምስጢር ነው» ካለችሽ ዱቄቱን አትንኪው። ከሰጠችሽ ደግሞ ለመካንነት ሐኪምሽ አሳዪው። ከዱባይም ሆነ ከሌላ ቦታ በቴሌግራም የሚሸጡትን «የማህፀን ማሞቂያ» እንክብሎች ሳላይ አልቀረሁም፤ ዝርዝር የሌለው ጠርሙስ ላይ የሚሰጥ የባለሙያ ምክር የለኝም።

የእንጦጦ ምእመን

ልጆቼ፣ ሁሉን አነበብኩ፤ እግዚአብሔር የልባችሁን ይስጣችሁ። እኛ በዘመናችን ጠበል ነበር የምንሄደው፤ ዛሬም እንሄዳለን። ልጄ፣ የቻይናውን ከማየትሽ በፊት በአገርሽ ሥርዓት ተጸልዮልሽ ይሆን? ጠበል ከመድኃኒት አያጣላም፣ ደም አያቀጥንም፣ ገንዘብም አያስወጣም።

መድኃኒት ቀማሚ

እናቴ፣ ያሉት ልክ ነው፤ ጠበሉ ከሆርሞኑ መርፌ ጋር የሚያጋጨው ነገር የለም። የምለምንዎት ግን ጠበል የሚሄዱ እህቶች በሐኪም የታዘዘውን መርፌ በሰዓቱ እንዲወጉ፣ «ጠበል ላይ እያለሁ መድኃኒት አልነካም» እንዳይሉ እንዲመክሩልን ነው። አንድ ምሽት የተዘለለ መርፌ የወሩን ልፋት ሊያበላሽ ይችላል።

የወገራ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ መርፌውና ስለ ዕፁ ልቤ ወደ አንድ ወገን እያዘነበለ ነው። ያልተመለሰልኝ ግን የመጨረሻው ነገር ነው፤ «ካልተረጋጋሽ አይይዝም» የተባልኩት። አማቴም ይህንኑ ትለኛለች፤ የሥራ ባልደረቦቼም «እርሺው፣ ያኔ ይመጣል» ይሉኛል። አሁን መጨነቄ ራሱ ያስጨንቀኝ ጀምሯል። እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት ሁሉ ዕድሌን የቆረጥኩ እየመሰለኝ ነው። በእርግጥ ጭንቀት ጽንስን ይከለክላል?

አዋላጅ ነርስ

እህታለም፣ ይህን ጥያቄ በአዲስ አበባ በምሠራበት ክፍል የማልሰማበት ሳምንት የለም፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብመልስልሽ ታገሺኝ።

በ2011 ከብሪታኒያ የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ሴቶችን ከሕክምናው በፊት ጀምረው የተከታተሉ 14 ጥናቶችን፣ በድምሩ 3,583 ሴቶችን፣ አንድ ላይ መዝነው ነበር። ጥያቄያቸው የአንቺው ጥያቄ ነው፤ ሕክምናውን በከፍተኛ ጭንቀት ወይም በኀዘን ውስጥ ሆነው የጀመሩ ሴቶች ከተረጋጉት ያነሰ ያረግዛሉ ወይ? መልሱ «አይ» የሚል ሆነ። ከሕክምናው በፊት የነበረው የስሜት መረበሽ በዚያ ዙር ማርገዝን ወይም አለማርገዝን አልወሰነም። ይህን ውጤት ለታካሚዎቼ ስነግራቸው ትከሻቸው ሲወርድ አያለሁ።

ጭንቀት ምንም አያደርግም እያልኩሽ አይደለም። ጭንቀት የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ፤ ሴቶች ሕክምናውን ከመጨረሳቸው በፊት ጥለው እንዲሄዱ ያደርጋል። ያላቸውን ዕድል ሳይጠቀሙበት የሚቀሩት በዚህ መንገድ ነው። ለዚህም ነው የአውሮፓ የመካንነት ሐኪሞች ማኅበር በ2015 ባወጣው መመሪያ ለሥነ ልቦና የሚደረገውን ድጋፍ የመደበኛው ሕክምና አካል አድርጎ የቆጠረው። የድጋፉ ዓላማ ሴቲቱ በሰላም እንድታልፍ ነው፤ «ተረጋጊ፣ ትወልጃለሽ» የሚል ተስፋ መስጠት አይደለም።

«ካልተረጋጋሽ አይይዝም» የሚለው ንግግር የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሕክምናው ካልተሳካ ጥፋቱን ለሴቲቱ ያሸክማታል። በአገራችን ልጅ ያልወለደች ሴት ድሮም ጥፋተኛ ስትባል የኖረች ናት፤ ትዳሯ የሚናጋው፣ በሠርግ ቤት ከኋላ የምትቀመጠው እርሷ ናት። የቻይናው ሕክምናም ሳያውቀው በዚያው ላይ ሌላ ሸክም እንዲጨምር አንፍቀድለት። ከመካንነት ጉዳዮች ወደ ግማሽ በሚጠጋው ውስጥ የወንዱ ድርሻ እንዳለ እያወቅን፣ ዕፁም መርፌውም ምክሩም ለሴቲቱ ብቻ መታዘዙን እስቲ አስቢው። የባልሽ ዘር ቁጥር አንሶ ለአይ ቪ ኤፍ የበቃችሁ ብትሆኑ፣ ያንቺን እግር መርፌ መውጋት የእርሱን ችግር እንዴት ይፈታል?

የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመካንነት ማእከል እ.ኤ.አ. በ2019 ከተከፈተ ወዲህ በአገር ውስጥ ይህን ሕክምና በመንግሥት ተቋም ማግኘት ተችሏል። በሥራዬ የማያቸው ሴቶች ከሩቅ ክፍለ ሀገር የሚመጡ፣ ዘመድ ቤት ተጠግተው፣ ምክንያቱን ሳይናገሩ የሚሰነብቱ ናቸው። ለእነርሱ አኩፓንክቸር ቅንጦት ነው። ነጠላ ለባሽ በከፈለችበት ክፍል ያገኘችው ነገር ግን ለእነርሱም ያስፈልጋቸዋል፤ ሳይቸኩል የሚጠይቃቸው ሰው፣ የሚተኙበት ጸጥ ያለ ስፍራ፣ በሂደቱ ላይ ጥቂትም ቢሆን የመወሰን ስሜት። በ2009 በአውስትራሊያ አኩፓንክቸርን ከአይ ቪ ኤፍ ጋር የወሰዱ ሴቶችን ያነጋገረ ጥናት ሴቶቹ ያመሰገኑት ይህንኑ እንደሆነ ጽፏል። ቻይናዊው ባለሙያ ምላስ አይቶ ትርታ እስኪዳስስ የሚሰጠውን ጊዜ እኛ በነጭ ጋውን ውስጥ ያለነው ብንሰጥ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጥያቄ የሚነሣ አይመስለኝም። ይህን ስል ሥራ ስለሚበዛብን ብዬ ራሴን ነጻ አላወጣም።

ለራስሽ መለኪያ ከፈለግሽ፣ ፈርቲኮል የሚባል 36 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ፤ መካንነት በስሜት፣ በትዳር፣ በማኅበራዊ ኑሮና በአካል ላይ ያለውን ጫና ለመለካት የተዘጋጀ ነው። ክሊኒክሽ የሥነ ልቦና ባለሙያ ካለው በዚህ መጠይቅ እንዲጠይቁሽ አመልክቺ።

የቀበና ሰው

ነርሷ ስለ ወንዱ ያሉት ነገር ነክቶኛል። በእኛ ቤት ችግሩ ከእኔ በኩል ነበር፤ መርፌ የተወጋችው ግን እርሷ ናት፤ ቤተሰብም የጠየቀው እርሷን ነው። በቻይናው ሕክምና ላይ ያለኝን አክብሮት አልተውኩም። ያም ሆኖ ባለቤቴን ያረጋጋት አኩፓንክቸሩ ይሁን፣ ወይስ እኔ እርሷን ለማድረስ ከሥራ ቀድሜ መውጣት መጀመሬ፣ እስካሁን መለየት አልቻልኩም።

ነጠላ ለባሽ

ወንድሜ፣ ይህንን ለእርሷ ነግረዋታል?

የወገራ ልጅ (ጠያቂ)

ይህን ውይይት ለባለቤቴ አንብቤለት፣ ሁለታችንም የተስማማንበትን ልንገራችሁ። ዱቄቱን አልወስድም፤ የተክሎቹን ዝርዝር ብጠይቅ «ከቻይና ተዘጋጅቶ የሚመጣ ነው» ከሚል በቀር መልስ አላገኘሁም። መርፌውን እሞክረዋለሁ፤ ከልጁ ጋር ሳላያይዘው፣ ለእንቅልፌና ለዕረፍቴ ብዬ፣ ወደ ሌላ ባለሙያ ሄጄ። አማቴን ባለቤቴ ራሱ ሊያነጋግራት ነው።

አንድ የቀረ ጥያቄ አለኝ። ጽንሱ የሚገባበት ሆስፒታልና አኩፓንክቸሩ ያለበት ቦታ በከተማው ሁለት ጫፍ ናቸው። በዚያ ቀን ከሁለቱ አንዱን መተው ቢኖርብኝ ችግር አለው? እንቁላል ከወጣልኝ በኋላ ሆዴ አካባቢ መወጋትስ?

አዋላጅ ነርስ

በዚያ ቀን አኩፓንክቸሩን ተዪው፤ በትራፊክ መካከል ሰዓት እያየሽ መሮጥ ለዕረፍት ብለሽ ከጀመርሽው ነገር ጋር አይሄድም። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ቀጠሮ መያዝ ትችያለሽ። ጽንሱ ሲገባ ብዙ ጊዜ በአልትራሳውንድ ስለሚታይ ሽንትሽን እንድትይዢ ይነግሩሻል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ልብሽ መራመድ ትችያለሽ፤ አልጋ ላይ መቆየት ጥቅም የለውም።

ሆድን በተመለከተ፣ ሆርሞኑን መውሰድ ከጀመርሽ ጀምሮ ኦቫሪዎችሽ (እንቁላል የሚያመነጩት ዕጢዎች) ያብጣሉ፣ እንቁላል ከወጣ በኋላም ወዲያው አይመለሱም። ስለዚህ ከእምብርት በታች በጥልቀት እንዳትወጋሽ ለባለሙያዋ አስቀድመሽ ንገሪያት፤ በእጅ፣ በእግርና በራስ ላይ ያሉት ነጥቦች ይበቃሉ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከታዘዘልሽም ይህንኑ ጨምሪላት። ሆድሽ በድንገት ቢነፋ፣ ትንፋሽ ቢያጥርሽ ወይም ሽንትሽ ቢቀንስ ወደ አኩፓንክቸር ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታልሽ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ ስልካቸውንም ዛሬውኑ መዝግቢው።